ከደሴ ተነስቶ ሐይቅን በጀልባ ለመዞር፦ ቀኑን ከኋላ ወደ ፊት መቁጠር

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በወልድያው አስፋልት ላይ ትገኛለች። ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይሆናል። የሚያስቸግረው መንገዱ አይደለም፤ ሰው ቀኑን የሚያቅደው ከቤት ከሚወጣበት ሰዓት ጀምሮ መሆኑ ነው። ቁርስ ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ የቀረ ሰው ተጠብቆ ውሃው ዳር ሲደረስ ስድስት ሰዓት ይሆናል። ያኔ ደግሞ ንፋሱ ተነስቷል። ስለዚህ እዚህ የምንቆጥረው ከኋላ ወደ ፊት ነው፦ ከውሃው የምትወጡበትን ሰዓት መጀመሪያ ቁረጡ፣ ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይመጣል።

የመውጫው ሰዓት

ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ እግራችሁ መሬት ይርገጥ። ፀሐይ ስትወጣ የብሱ ቶሎ ይሞቃል፣ ውሃው ግን የሚሞቀው ቀስ ብሎ ነው። ከየብሱ ላይ የሞቀው አየር ሽቅብ ሲነሳ ቦታውን ሊሞላ ከውሃው በኩል ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መስታወት የመሰለው ሐይቅ ረፋድ ላይ መሸብሸብ ይጀምራል፣ ከቀትር በኋላ ንፋሱ ከበረታ ነጭ አረፋ ያሳያል።

ሐይቁ 6.7 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 6 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ለመኪና ትንሽ ነው፣ ለጀልባ ግን ትልቅ ነው። ንፋስ ምንም ሳይጋርደው ብዙ በተጓዘ ቁጥር የሚያስነሳው ማዕበል ያድጋል። ንፋሱ በሚመጣበት ዳር የቆመ ሰው ረጋ ያለ ውሃ ያያል፤ ማዶው ግን በዚያው ሰዓት እየተናጠ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የቆመበትን ዳር ብቻ አይቶ "ዛሬ ሰላም ነው" ይላል። ማዶውን ትኩር ብላችሁ እዩ። ከውሃው ጠርዝ ላይ የጠቆረ ሰፊ መስመር ከታየ ንፋሱ እዚያ ደርሷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ኋላ እንቁጠር። በመቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ በረጋ ውሃ በሰዓት 3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ብቻ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ነው፣ ስለዚህ በቀዘፋ ማዶ ደርሶ መመለስን እርሱት፤ ሐይቁ ዳር ያለውን የእስጢፋኖስ ገዳም ዳርቻ ይዞ አንድ ሰዓት ተኩል መዞር ይበቃል። ሞተር ያለው ትንሽ ጀልባ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ፣ ዳር ዳሩን ይዞ ሰፋ ያለ ዙር በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። በ5 ሰዓት ለመውጣት በ3 ሰዓት መሳፈር አለባችሁ። ለመዋዋልና ጀልባውን ለማየት ግማሽ ሰዓት ስጡ፣ ስለዚህ ውሃው ዳር 2፡30። ከደሴ ሐይቅ ከተማ ድረስ አንድ ሰዓት ያዙለት፤ ከከተማው ወደ ውሃው ለመውረድ ደግሞ ሩብ ሰዓት። ሚኒባሱ ደግሞ ካልሞላ አይነሳም። ሲደመር፦ ከጠዋቱ 12፡30 ደሴ መናኸሪያ መገኘት ነው።

ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ሰው ሒሳቡ ይጠባል። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ኮምቦልቻ ተነስቶ በሐረጎ ዳገት ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ደሴ መውጣት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጭነት መኪና ከፊት ከገጠመ ጊዜው ይረዝማል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነስቶ ደሴ ላይ መኪና መቀየር ይቻላል፣ ግን አንድ ነገር ከተስተጓጎለ ጀልባው ላይ የምትቆዩበት ሰዓት ነው የሚቆረጠው። የእኛ ምክር ማታውን ደሴ ወይም ሐይቅ ከተማ ማደር ነው። በጨለማ ሐረጎን አትውጡ።

መቼ ይሻላል

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ድረስ ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ የሐይቁ ዙሪያ ገና አረንጓዴ ነው። ብርዱ ግን የዋዛ አይደለም፤ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት በጀልባ ላይ ያለ ጃኬት ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደሴ በጉም ትሸፈናለች፣ የውሃው ዳር ይጨቀያል፣ ከሁሉ በላይ መብረቅ አለ። ሰፊ ውሃ ላይ ከሁሉም ከፍ ብሎ የሚታየው ጀልባችሁና እናንተ ናችሁ፤ ነጎድጓድ ከተሰማ ደመናው ገና ሩቅ ቢመስልም ወደ ቅርቡ ዳር ውጡ። በበልግ ወራት ጠዋቱ ብሩህ ሆኖ ከሰዓት ሊዘንብ ስለሚችል የ5 ሰዓቱ ሕግ ይበልጥ ይጠብቃል።

የገዳሙን ክብረ በዓል ለማየት የሚመጣ ሰው ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል መሆኑን ይወቅ፤ የቅዱስ እስጢፋኖስ ወርኃዊ መታሰቢያ ደግሞ በ17 ነው። ለበዓሉ ኑ፣ ግን ያን ቀን ጀልባ አትያዙ። ሕዝብ ሲበዛ ጀልባ ከአቅሙ በላይ ይጫናል፣ ባለጀልባውም "አንድ ሰው ብቻ" የሚለውን ልመና እንቢ ማለት ያቅተዋል።

የሚያዝ

ወፈር ያለ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ በሰው አንድ ሊትር ተኩል የሚጠጣ ውሃ፣ ትንሽ ፎጣ፣ ቅያሪ ካልሲ። ስልክና ብር የሚገባበት ውሃ የማያስገባ ከረጢት፤ ከሌለ ሁለት ፌስታል አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጎ አፉን ጠምዝዞ ማሰር ይሠራል። ዝርዝር ጥሬ ብር። ቴሌብር ቢኖርም ኔትወርክ የሚጠፋው ልትከፍሉ ስትሉ ነውና። ለገዳሙ ነጠላ ወይም ጋቢ። ጠዋት ውሃው ከታች ደግሞ ፀሐይን ስለሚያንጸባርቅ ፊት ቶሎ ይቃጠላል፤ ኮፍያው ብርድ ስላለ ብቻ የተጻፈ እንዳይመስላችሁ።

በቦርሳችሁ ውስጥ አንድ ባዶ ፌስታል ለቆሻሻ ጨምሩ። ሐይቅ ውሃ ይገባበታል እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። ከጎኑ ከፍ ብሎ የሚገኘው አርድቦ ሐይቅ ሳይቀር ወደ እሱ ነው የሚፈሰው። የወደቀበት ፕላስቲክ ጠራርጎ የሚወስደው ጅረት ስለሌለ እዚያው ይቀራል።

መንገዱና የስሙ ነገር

ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ ጠይቁ። ከሾፌሮቹ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ስሙ እንግዳን ያሳስታል። "ሐይቅ" ሲባል ከተማው ነው፣ "ሐይቅ" ሲባል ውሃውም ነው። ረዳቱን "ሐይቅ አውርደኝ" ካላችሁት ዋናው አስፋልት ላይ፣ ከተማው መሀል ያወርዳችኋል፤ ልክ ነው፣ አልተሳሳተም። ውሃው ከከተማው በስተምሥራቅ ነው ያለው። ከዚያ ባጃጅ ትይዛላችሁ። ለባለባጃጁ ግን "ሐይቁ ዳር" ብቻ አትበሉት፣ ዳሩ ብዙ ነው። "እስጢፋኖስ ገዳም መግቢያ" ወይም "ጀልባ የሚያሳፍሩበት" ብላችሁ ቁርጥ አድርጉ። ውሃውን ሎጎ ብሎ የሚጠራ ሰው ከገጠማችሁ ያው እሱን ነው የሚለው።

ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፣ የባለባጃጁንም ስልክ ተቀበሉ። ስትመለሱ ውሃው ዳር ባጃጅ ላይኖር ይችላል።

ጀልባ መምረጥ

የምታገኙት እንደ ቀኑ ይለያያል። ከደንገል የሚታሰር ታንኳ፣ በሰው የሚቀዘፍ ጀልባ፣ ሲገኝ ደግሞ የሞተር ጀልባ።

ታንኳው ውብ የእጅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የዓሣ አጥማጅ የሥራ መሣሪያ እንጂ የመንገደኛ መጓጓዣ አይደለም። የሚንሳፈፈው በደንገሉ ውስጥ በታፈነው አየር ነው። ውሃ ላይ በዋለ ቁጥር ደንገሉ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። አጥማጆቹ ከሥራ መልስ ወደ ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያቆሙትም ለዚህ ነው። አዲሱ ታንኳ ገለባማ ቀለም አለው፣ ውሃው ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ያረጀው ጠቁሮ ኋላው ውሃ ውስጥ ይገባል። ሚዛኑን የሚጠብቀው ለምዶት የኖረ ሰው ነው። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ዳር ላይ ተቀመጡበት፣ ፎቶ ተነሱበት፤ ለመሀል ሐይቅ ግን ሌላ ጀልባ ያዙ።

የሞተር ጀልባ ላይ ሰው የማያስበው ነገር ከፍታው ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። 15 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር እዚህ እንደ 12 ይሠራል። ስለዚህ "ይህ ሞተር ስምንት ሰው ይጎትታል" የሚል ንግግር ሌላ ቦታ እውነት ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ግን ንፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ጀልባው ባለበት ይቆማል።

ከመሳፈራችሁ በፊት እነዚህን ነገሮች በዓይናችሁ እዩ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ወለሉን እዩ። ጥቂት ውሃ ቢኖር አይገርምም፣ ነገር ግን ባለጀልባው ጨልፎ ካደረቀው በኋላ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ከመጣ ጀልባው ያፈስሳል። መጨለፊያ ጆግ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን ውስጡ መኖሩንም አረጋግጡ፤ የሌለው ጀልባ አይነሳ።

መቅዘፊያ ቁጠሩ። የሞተር ጀልባም ቢሆን ሁለት መቅዘፊያ ያስፈልገዋል። ሞተር የሚቆመው ዳር ላይ አይደለም።

ነዳጁን ጠይቁ። ሕጉ ሦስት እጅ ነው፦ አንድ እጅ ለመሄጃ፣ አንድ እጅ ለመመለሻ፣ አንድ እጅ መጠባበቂያ። ንፋስ ላይ መመለስ ከመሄድ እጥፍ ሊበላ ስለሚችል መጠባበቂያው ቅንጦት አይደለም። ጀሪካኑን አንስታችሁ ብትወዘውዙት ክብደቱ ራሱ ይነግራችኋል።

ሞተሩ ሲነሳ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ወደ ውጭ መርጨት አለበት። ያ ውሃ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነው። ካልወጣ ወይም እየተንጠባጠበ ከሆነ መሳቢያው በሣር ወይም በጭቃ ተደፍኗል፣ ሞተሩም ሩቅ ሳይሄድ ይግላል። ባለጀልባው በቀጭን ሽቦ ሲያጸዳው ታገሱ፣ አታጣድፉት።

ላይፍ ጃኬት

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ተቀምጠውበት ሳይሆን ለብሰውት። የጀልባው መቀመጫ ላይ ተነጥፎ የሚሄድ ላይፍ ጃኬት ጀልባው ሲገለበጥ ከእናንተ ቀድሞ ይንሳፈፋል። በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉት፤ ስፖንጁ ተጨምቆ ወደ ቦታው ካልተመለሰ አርጅቷል። ልበሱት፣ ማሰሪያዎቹን ሁሉ ቆልፉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ከትከሻው ይዞ ወደ ላይ ይጎትተው። አገጫችሁን አልፎ ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው፣ ውሃ ውስጥ ከራሳችሁ ላይ ወልቆ ይሄዳል። ለልጅ የአዋቂ ጃኬት አይሆንም፤ ስትጎትቱት ሲንሸራተት ታያላችሁ። የልጅ ልክ ከሌለ ልጁ ዳር ላይ ከአንድ አዋቂ ጋር ይቅር። ይህ ላይ ድርድር የለም።

ውሉ

ጸብ የሚነሳው ዋጋው ስለተወደደ አይደለም፣ ነገሩ ግልጽ ስላልነበረ ነው። "ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ "ወንድሜ፣ የነገርከን ለጀልባው ነው ወይስ በሰው? ደርሶ መልስ ነው? ስንት ሰዓት ነው? ገዳሙ ጋ ስንወርድ ትጠብቀናለህ ወይስ ሄደህ ትመጣለህ? ነዳጁ ውስጡ ነው?" መልሱን ራሳችሁ ደግማችሁ ንገሩት፣ "ልክ ነው" ይበል። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ። እሱም ነዳጅ መግዣ ያገኛል፣ እናንተም መልሱ ላይ ትተማመናላችሁ። በዕድሜ ከፍ ያለ ሰው ከሆነ "ጋሼ" በሉት፣ ዋጋውንም ከሰው ፊት ሳይሆን ጠጋ ብላችሁ ተነጋገሩ።

ስለ ንፋሱ ስትጠይቁ ወሎ ውስጥ "አብሽር" የሚል መልስ መስማታችሁ አይቀርም። ደግ ቃል ነው፣ ልብ ያሳርፋል፤ የአየር ጠባይ ዘገባ ግን አይደለም። "ትናንት በስንት ሰዓት ተነሳ?" ብላችሁ ጠይቁት። ሰዓት ሲጠራ ያኔ የሚያውቀውን ነገራችሁ ማለት ነው።

አሳፈር

አንድ በአንድ ግቡ። ከመሬት ወደ ጀልባ አትዝለሉ፤ ስትዘሉ ጀልባው ከሥራችሁ ይሸሻል፣ የምትወድቁትም በመሀል ነው። አንድ ሰው ጀልባውን ይያዝ፣ ተሳፋሪው ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በሁለት እጁ ጨብጦ መሀል ወለሉን ይርገጥ፣ ከዚያ ወዲያው ይቀመጥ። ከባድ ሰዎች ወደ መሀል፣ ቀላሎቹ ወደ ፊት። ቦርሳ ወለል ላይ እንጂ ጭን ላይ አይሁን።

ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ አንድ መለኪያ አለ። እጃችሁን ዘርግታችሁ ከውሃው ወለል እስከ ጀልባው ጠርዝ ድረስ ስንዝሩ። ጠርዙ ዝቅ ባለበት ቦታ አንድ ሙሉ ስንዝር ካልሞላ ጭነቱ በዝቷል። አንድ ሰው ይውረድ። የሚወርደው ሰው ቅር ይለው ይሆናል፣ ሁለት ዙር መሄድ ግን ይቻላል። ንፋስ ሲነሳ ያቺ ስንዝር ናት በማዕበሉና በወለላችሁ መካከል ያለችው።

ውሃው ላይ

ዳር ዳሩን ይዛችሁ ዙሩ፣ መሀሉን አትቁረጡ። የሚታየው ነገር ያለው ዳር ላይ ነው፦ ወፎቹ፣ አጥማጆቹ፣ ውሃ ድረስ የወረደው እርሻ፣ በዛፍ የተሸፈነው የገዳሙ መሬት። መሀሉ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር የሚደርስ ጥቁር ውሃ ነው።

ውሃው ላይ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ተንሳፎ ስታዩ ቆሻሻ ነው ብላችሁ አትለፉ። በመስመር ከተደረደሩ የአጥማጅ መረብ ምልክት ናቸው፣ መረቡም ከሥራቸው ተዘርግቷል። ለባለጀልባው ጠቁሙትና ዞር ብሎ ይለፍ። መረብ ፕሮፔለር ላይ ከተጠመጠመ ሁለት ሰው ይጎዳል፦ ሞተራችሁ ይቆማል፣ አጥማጁም እንጀራው ይቀደዳል። ከተጠመጠመ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፣ ከውሃው ቀና ይደረግ፣ ወደተጠመጠመበት ተቃራኒ በእጅ እየዞረ ይፈታ። ቢላዋ የመጨረሻው ነው፤ ከተቆረጠም ባለቤቱን ፈልጎ መካስ ነው።

ማዕበል ከተነሳ ፍጥነት ይቀነስ፣ የጀልባው አፍንጫ ማዕበሉን ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ገደድ ብሎ ይቁረጠው። ጎኑን የሰጠ ጀልባ ነው የሚገለበጠው። ያን ጊዜ ከተሳፋሪ የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝቅ ብሎ መቀመጥና አለመነሳት። ፎቶ ለማንሳት አንድ ሰው ሲቆም ሌላው ወደዚያው ጎን ያዘነብላል፣ አደጋው የሚጀምረውም እንዲህ ነው። ሞተር ከቆመና ንፋስ ካለ መጀመሪያ በመቅዘፊያ አፍንጫውን ወደ ንፋሱ ያዙሩት፣ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይሁን።

ጀልባው ከተገለበጠ ጀልባውን አትልቀቁ። የተገለበጠ የእንጨት ጀልባም ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ይታያል። ዳሩ ቅርብ መስሎ ይታያል፤ ልብስና ጫማ አድርጎ በቀዝቃዛ ውሃ የሚዋኝ ሰው ግን መሀል መንገድ ላይ ይደክማል።

ገዳሙ ጋ ስትወርዱ

ሐይቅ እስጢፋኖስ ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘ ነው፤ በእግር ይገባል፣ ስለዚህ ጀልባ የፈራ ሰው ምንም አይቀርበትም። ቀድሞ ግን ዙሪያውን ውሃ የከበበው ደሴት ነበር፣ መሻገሪያውም ታንኳ ብቻ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1248 እ.ኤ.አ. አበምኔት ሆነው ትምህርት ቤቱን ያደራጁት በዚያ ሁኔታ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ ከእሳቸው ዘንድ ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔትም ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበረው። በጀልባ የመምጣት ጥቅሙ ይኼ ነው፦ ቦታውን የድሮ ተማሪ ባየበት አቅጣጫ፣ ከውሃው በኩል ታዩታላችሁ።

ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ሴቶች ከበሩ አያልፉም። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ለቡድኑ ንገሩ፤ በር ላይ ደርሶ መስማት ያስከፋል። ወንዶቹ ሲገቡ ሴቶቹ በጀልባ ዳርቻውን እየዞሩ እንዲቆዩ ከባለጀልባው ጋር አስቀድሞ መዋዋል ይቻላል። የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል፣ ነጠላውን ይለብሳል፣ ስልኩን ያጠፋል። መጀመሪያ የምታገኟቸውን መነኩሴ "አባታችን፣ ይፍቱኝ" ብላችሁ ተሳለሙና እንግዳ የሚቀበሉትን ጠይቁ። ገዳሙ ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የቆየ የብራና ወንጌል አለው። መጻሕፍቱን ለማየት የሚፈልግ በትሕትና ይጠይቅ፤ ካልተፈቀደ አይከራከር። ፎቶም እንዲሁ። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ እስኪያልቅ ውጭ ጠብቁ፣ የባለጀልባው ሰዓት ግን እየቆጠረ መሆኑን አትርሱ።

መዋኘት

አይመከርም። ዳሩ ጥቂት እርምጃ ሄዶ በድንገት ሊጠልቅ ይችላል፣ አድኖ የሚያወጣ ዘብም የለም። ሌላው ቢልሃርዝያ ነው፤ በአካባቢው ያለ በሽታ ነው። ተውሳኩ የሚራባው ሣር ባለበት ረጋ ያለ የዳር ውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ላይ ነው፣ ከነሱ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ባልቆሰለ ቆዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ የሚያሰጋው መሀሉ ሳይሆን ሰው "እግሬን ብቻ ልንከር" የሚልበት ቦታ ነው። ስትሳፈሩና ስትወርዱ ቦቲ ብታደርጉ ጥሩ ነው። እግራችሁ ከረጠበ ወዲያው በፎጣ አድርቁት፤ ይረዳል፣ ዋስትና ግን አይሆንም። ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ጤና ጣቢያ የሰገራ ምርመራ ያድርግ፤ ቀድሞ ቢመረመር እንቁላሉ ላይታይ ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ መጠኑ በክብደት ስለሚሰላ ባለሙያ ይዘዘው።

ዓሣው

ከጀልባ ወርዶ ዓሣ ሳይበሉ መመለስ ያሳዝናል። ቆሮሶ ወደ ሐይቁ የገባው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ አምባዛም አለ። ጠዋት ከተጠመደው ለመብላት ከውሃ እንደወጣችሁ ሂዱ። ጥሬውን አሳዩን በሉ፦ ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ያበጠና የጠራ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ መሆን አለበት። ስንጥቡ ከገረጣ ከትናንት ያደረ ነው። ለቆሮሶ ሙሉውን ጎን ጎኑ ተተልትሎ መጠበስ ይስማማዋል፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር። አምባዛ ሥጋው ወፍራምና ቅባታም ስለሆነ ለጉላሽ ይሻላል። በጾም ወቅት ፈላጊው ስለሚበዛ ቶሎ ያልቃል፤ ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት እዘዙ።

መመለስ

ከሐይቅ ወደ ደሴ የሚመለሰው መኪና ሁለት ዓይነት ነው፦ ከሐይቅ ከተማ ሞልቶ የሚነሳውና ከወልድያ በኩል የሚያልፈው። የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ ሞልቶ ነው የሚደርሰው፤ አንድ ሰው ያገኝ ይሆናል፣ አራት ሆናችሁ ግን አትጠብቁት። መነሻው ላይ ሄዳችሁ ተሳፈሩ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ መንገድ ከጀመራችሁ የኮምቦልቻም ሰው ሐረጎን በብርሃን ይወርዳል። ጃኬቱን ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት፤ ደሴ ስትደርሱ ብርዱ ይጠብቃችኋል።